ተን በቅንጣት ውስጥ

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1831 ዓ.ም. ገደማ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው) በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ጆን ኪርስሊ ሚቸል የተባለ ሐኪምና መምህር፥ ጥሬ ጎማ በኤተር ዘፍዝፎ ካለሰለሰ በኋላ እየነፋ ስስ ፊኛ ያበጅ ነበር። ሃይድሮጅን ሞልቶ ወደ መማሪያው ክፍል ጣሪያ የለቀቃቸው እነዚህ ፊኛዎች፥ አፋቸው እንደ ታሰረ፥ አንዲትም ቀዳዳ ሳትገኝባቸው፥ ጥቂት ጊዜ ቆይተው ተመልሰው ወደ ወለሉ ሲወርዱ ባየ ጊዜ፥ ሌላ ሰው ቢሆን ክሩ ላልቶ ይሆናል ብሎ ሊያልፈው የሚችለውን ነገር እርሱ ሊመረምረው ተነሣ። ልዩ ልዩ ጋዞችን እያፈራረቀ በጎማው ቆዳ በኩል ሲያሳልፍ፥ እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ የሆነ የማለፊያ ፍጥነት እንዳለው፥ ይልቁንም እጅግ የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቀላሉ ከሃይድሮጅን ቀድሞ እንደሚያልፍ አገኘ። ውሃ የማያስገባ፥ ማጉያ መነጽርም ቀዳዳ የማያገኝበት ግዙፍ አካል ረቂቁን ጋዝ እንዴት ያሳልፋል? ቢያሳልፍስ በምን ያህል ጊዜ? የመጀመሪያው ጥያቄ በዚያው ክፍለ ዘመን መልስ አገኘ፤ ሁለተኛው ግን፥ በተለይም ከነዳጅ ዘይት ወገን የሆኑት ሃይድሮካርቦን የተባሉት ተኖች በፖሊመር (ጎማንና ፕላስቲክን በመሰለ ነገር) ሥጋ ውስጥ የሚጓዙበት ጊዜ፥ በትክክል እስኪለካ ድረስ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ወስዷል።

በዚያው ዘመን በግላስጎው ያስተምር የነበረው ቶማስ ግራሃም፥ ጋዞችን በደረቀ የጂፕሰም ድፍን በኩል እያሳለፈ ሲመረምር ቆይቶ በ1833 ስሙን የተሸከመውን ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ጋዝ በከበደ መጠን ይዘገያል፤ ይኸውም አራት እጥፍ የከበደው በግማሽ ፍጥነት፥ ዘጠኝ እጥፍ የከበደው በሢሶ ፍጥነት ያልፋል ማለት ነው። ጂፕሰም ግን ረቂቅ ቀዳዳ የሞላበት ነገር ስለ ሆነ፥ በእርሱ የተገኘው ሕግ ቀዳዳ የሌለውን ጎማ ሊገዛው አልቻለም፤ የሚቸልም ፊኛ ሳይተረጎም እንደ ቆየ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሰው ስለ ጎማም ስለ ጋዝም ሳይሆን ስለ ሰውነታችን ፈሳሾች የሚያስብ ነበር። አዶልፍ ፊክ በጀርመን አገር በካሰል ተወልዶ፥ በ1855 በዙሪክ የሥነ አካል ትምህርት ክፍል ሲያገለግል ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ጨው ከሥሩ የተቀመጠበትን ውሃ በቀጥተኛ ብርሌና በሾጣጣ ዕቃ አድርጎ፥ ጨዋማነቱ ከታች ወደ ላይ እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ ለካ፤ ከዚያም ፈረንሳዊው ፉሪየ በ1822 ስለ ሙቀት የጻፈውን ቀመር ወስዶ፥ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንደሚፈስ ሁሉ የሟሟ ነገርም ከበዛበት ወደ አነሰበት ይፈሳል፤ የፍሰቱም ብዛት በመብዛቱና በማነሱ መካከል ባለው የቁልቁለት መጠን ይወሰናል ሲል ደነገገ። በዚህ ቀመር ውስጥ አንድ ቍጥር አለ፤ የስርገት መጠን እንበለው። ይህ ቍጥር ሲታወቅ ጊዜው ይታወቃል። ከቀመሩ የሚወጣው ታላቅ ፍሬ ግን፥ ለዚህ ታሪክ ሁሉ ቍልፍ የሆነው፥ ጊዜ ከርቀት ጋር በእኩል የማይሄድ መሆኑ ነው፤ የሚሰረግበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ፥ ርቀቱ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናል። ፊክ ይህን የጻፈው ስለ ጨውና ስለ ውሃ ሲሆን፥ ከእርሱ ሞት ከብዙ ዘመን በኋላ በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ሥጋ የሚለካው በእርሱ ቀመር እንደሚሆን የሚገምትበት አንዳች ምክንያት አልነበረውም።

ግራሃም ፊቱን ወደ ጎማ ያዞረው ሸምግሎ ነው። ከ1855 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት የመሐለቅ መሥሪያ ቤት ሹም ሆኖ፥ ቀን የወርቅና የብር ሥራ እየተቈጣጠረ፥ የተረፈውን ጊዜ ለምርምሩ ይሰጥ ነበር፤ በ1866 ያወጣው ጽሑፍም ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ናይትሮጅን በስስ ጎማ የሚያልፍበትን ፍጥነት አንድ ብሎ ቢቈጥር፥ በዚያን ዘመን የረግረግ ጋዝ ይባል የነበረው ሜቴን 2.148፥ ኦክሲጅን 2.556፥ ሃይድሮጅን 5.5፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 13.585 ሆኖ አገኘው። የሃያ ሁለት እጥፍ ክብደት ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሃይድሮጅንን ከሁለት እጥፍ በላይ በልጦ ሲሄድ፥ ሠላሳ ዓመት ያህል የጸናው የራሱ ሕግ ለጎማ እንደማይሠራ በፊቱ ታየ። ግራሃም ግን የገዛ ሕጉን ለማዳን አልተከራከረም። ጋዙ በቀዳዳ አያልፍም፤ ነገር ግን ጨው በውሃ እንደሚዋሐድ በጎማው ገጽ ላይ ከጎማው ጋር ይዋሐዳል፥ ተዋሕዶም በውስጡ ይሰርጋል፥ በማዶኛውም ገጽ ተመልሶ ተን ሆኖ ይወጣል አለ። ስለዚህ የሚቀድመው ቀላሉ ሳይሆን ለጎማው የሚስማማው ነው። በዚህም ትምህርቱ አየርን በጎማ በተለበጠ ሐር በኩል ስቦ፥ ከመቶ 21 እጅ የነበረውን ኦክሲጅን ወደ 41.6 አደረሰው። ከሦስት ዓመት በኋላም ዐረፈ።

ግራሃም አንድ ላይ የተናገራቸውን ሁለት ነገሮች በ1879 ለይቶ ያስቀመጠው ፖላንዳዊው ዚግሙንት ቭሩብሌቭስኪ ነው። አንድ ጋዝ በጎማ ፈጥኖ የሚያልፈው በብዛት ስለሚዋሐድ ሊሆን ይችላል፥ ወይም ከተዋሐደ በኋላ በውስጡ ፈጥኖ ስለሚሄድ ሊሆን ይችላል፤ የማለፉ መጠን የሁለቱ ብዜት ስለ ሆነ፥ አንዱን ሳይለኩ ሌላውን ማወቅ አይቻልም። ይህ ሰው በ1883 በክራኮቭ ከባልደረባው ከኦልሼቭስኪ ጋር ኦክሲጅንን ፈሳሽ በማድረግ በዓለም የታወቀ ሲሆን፥ በ1888 አንድ ሌሊት በሥራው ላይ ሳለ የላምባ መብራት ተገልብጦበት በደረሰበት ቃጠሎ ሞተ። ዕድሜውን ለጋዞች ምርምር የሰጠውን ሰው የሃይድሮካርቦን ተን እሳት መብላቱን ሳስበው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ያህል ነገሩ በዝግታ ሄደ። በ1920 እንግሊዛዊው ዴይንስ አንድ ብልሃት አሳየ፤ ጋዝ በአንድ ሽፋን በስተጀርባ ሲለቀቅ በማዶው ወዲያው አይታይም፥ የሚዘገይበት ጊዜ አለ፤ ያ የመዘግየት ጊዜ ብቻውን የስርገቱን መጠን ይናገራል። በኒውዚላንድ የተወለደው ሪቻርድ ባረርም በ1939 ይህን ዘዴ አጥብቆ ያዘና፥ የሽፋኑ ውፍረት በራሱ ተባዝቶ በስርገቱ መጠን ስድስት እጥፍ ሲካፈል የመዘግየቱን ጊዜ እንደሚሰጥ በተግባር ተጠቅሞበት፥ የውሕደቱንና የስርገቱን መጠን ከአንድ ሙከራ ለይቶ ማውጣት የተለመደ ሥራ እንዲሆን አደረገ። የዚህ ዘዴ ጉድለት ግን ሽፋን የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ዱቄት ወይም ፍሬ ፍሬ የሆነ ነገር ግድግዳ ሊሆን አይችልም፤ ተኑ በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ያመልጣልና።

ለቅንጣት የሚሆነው መንገድ መመዘን ነው። ቅንጣቱን አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ፥ ተኑን በታወቀ ግፊት ለቅቆ፥ ክብደቱ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ እንዴት እንደሚጨምር መከታተል ነው። ይህን ያስቻለው መሣሪያ በ1926 በጄምስ ማክቤይንና በባክር የተገለጠው የኳርትዝ ሞላ ሚዛን ነበር። ኳርትዝ በእሳት ቀልጦ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይሳብና እንደ ሞላ ተጠቅልሎ በመስታወት ቧንቧ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ከጫፉ ትንሽ ወጭት ትታሰራለች፥ በወጭቷም ላይ ናሙናው ይቀመጣል። ናሙናው ተን ሲጠጣ ይከብዳል፥ ሞላው ይረዝማል፥ መርማሪውም ከውጭ ቆሞ ቁመትን በሚለካ መነጽር መርዘሙን ያነባል። ኳርትዝ ተን አይጠጣም፥ አይዝግም፥ ተስቦም ሲለቀቅ ወደ ቦታው በታማኝነት ይመለሳል። በእጅ ከተሠሩ የምርምር ዕቃዎች ሁሉ ይህን ያህል ቀላልና ይህን ያህል እውነተኛ የሆነ ጥቂት ነው።

መሣሪያው ሲገኝ የሚመዘነውም ነገር እየበዛ መጣ። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር ጎማና መሰሎቹ በሺህ የሚቈጠሩ ትንንሽ ክፍሎች እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው የሠሯቸው ግዙፍ ሞለኪውሎች መሆናቸውን በ1920 ተናግሮ፥ ብዙ ሊቃውንት እየተቃወሙት ቆይቶ፥ በ1953 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። በማርች 1933 በእንግሊዝ አገር በዊኒንግተን፥ በኢምፔሪያል ኬሚካል ኢንዱስትሪስ ቤተ ሙከራ፥ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን ኤቲሊንን ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ በሆነ የአየር ግፊት ሲያሙቁ ነጭ ሰም የመሰለ ነገር በዕቃው ውስጥ ቀርቶ አገኙ፤ እርሱም ዛሬ ፖሊኤቲሊን የምንለው ነው። የዚህን ነገር ባሕርይ ለማወቅ ግን ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ አያሻም። ላምባ የተቀመጠበት ጀሪካን ዐሥር ጊዜ በሳሙና ቢታጠብ እንኳ የሚቀዳበት ውሃ ለብዙ ቀን ላምባ ላምባ እንደሚሸት በየቤቱ የታወቀ ነው። ሽታው የተቀመጠው በጀሪካኑ ገጽ ላይ ቢሆን ኖሮ በሳሙና በለቀቀ ነበር፤ የተቀመጠው በሥጋው ውስጥ ነው። ፖሊኤቲሊን ራሱ ረጅም የሃይድሮካርቦን ሰንሰለት ስለ ሆነ ዘመዱን ላምባን አያርቀውም፤ ይቀበለዋል፥ ያሳድረዋል፥ የሚለቅቀውም በራሱ ጊዜ ነው።

የሃይድሮካርቦን ተኖች በፖሊመር ውስጥ ያላቸው ጉዞ ራሱን ችሎ በጥንቃቄ ከተለካባቸው ሥራዎች አንዱ በ1951 በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በስቲቨን ፕሬገርና በፍራንክሊን ሎንግ የተሠራው ነው። የመረጡት ፖሊመር ፖሊአይሶቡቲሊን ነው፤ በክፍል ሙቀት የሚለጠጥና የሚልላ ጎማ መሰል ነገር ነው። ተኖቹም ፕሮፔንን፥ ቡቴንን፥ ፔንቴንን የመሳሰሉ ነበሩ። ከዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች ጎልተው ወጡ። አንደኛው የስርገቱ መጠን የጸና ቍጥር አለመሆኑ ነው፤ ፖሊመሩ ተን በጠጣ መጠን ሰንሰለቶቹ እየላሉ፥ ኋላ ለሚመጣው ተን መንገዱን እየለቀቁለት ይሄዳሉ። ሁለተኛው ደግሞ ክብደታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሞለኪውሎች እኩል አለመሄዳቸው ነው፤ ቀጥ ያለው ፔንቴን ፈጥኖ ሲሰርግ፥ ያንኑ ያህል ካርቦንና ሃይድሮጅን ይዞ እንደ ኳስ የተድበለበለው ወንድሙ ኒዮፔንቴን ይዘገያል። ግራሃም ክብደት ገዥ አለመሆኑን አሳይቶ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ቅርጽ ገዥ መሆኑን አሳዩ። ጆን ክራንክ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅም በ1956 ስለ ስርገት ሒሳብ ባወጣው መጽሐፍ፥ ለሽፋን፥ ለዘንግና ለክብ ቅንጣት የሚሆኑትን የፊክ ቀመር መልሶች ሁሉ ሰብስቦ አስቀመጠ፤ መርማሪዎች ዛሬም ድረስ ያን መጽሐፍ ከጠረጴዛቸው አያርቁትም።

ጎማ መሰሉን ፖሊመር መመርመር ይህን ያህል ሲሠምር፥ እንደ ብርጭቆ ጠጣር የሆነው ወገን ግን፥ ፖሊስታይሪንን የመሰለው፥ መርማሪዎችን አስቸገረ። በእንዲህ ያለው ነገር ውስጥ ሰንሰለቶቹ በቦታቸው ደርቀው ስለ ቆሙ ተኑ የሚገባው እጅግ በዝግታ ነው፤ ሲገባም ሥርዓቱ ሌላ ነው። በ1966 ተርነር አልፍሬ ከባልደረቦቹ ከጉርኒና ከሎይድ ጋር እንደ ጻፈው፥ ፈሳሹ ወይም ተኑ እንደ ጦር ግንባር ስለታም ድንበር ሠርቶ ይገፋል፤ ከድንበሩ ኋላ ያለው ፖሊመር አብጦ ለስልሶ ሳለ ከፊቱ ያለው ገና እንደ ደረቀ ነው፥ ግንባሩም በእኩል ፍጥነት ወደ ውስጥ ይሄዳል። እንግዲህ የክብደቱ ጭማሪ የፊክ ቀመር እንደሚለው እያደር እየዘገየ መሄዱ ቀርቶ ከጊዜ ጋር ቀጥ ብሎ ያድጋል። ይህ የሚሆነው ሁለት ሥራዎች ባንድነት ስለሚሠሩ ነው፤ አንዱ የተኑ መስረግ ነው፥ ሁለተኛው የደረቁት ሰንሰለቶች መፍታታት ነው። ሚዛን ግን የሚያሳየው ድምራቸውን ብቻ ነው። የቭሩብሌቭስኪ ችግር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

የዚህ ቋጠሮ መፍቻ የተገኘው ከቅንጣት ነው፤ እኔም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምደነቅበት ይህ ክፍል ነው። አብነት እናምጣ። በአንድ ለስላሳ ፖሊመር ውስጥ የስርገቱ መጠን በሴኮንድ የአንድ ሜትር ካሬ ትሪሊዮንኛ ነው እንበል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ሚሊሜትር የሆነች ክብ ፍሬ ከምትጠጣው ተን ግማሹን እስክትጠጣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅባታል፤ ዐሥር ጊዜ ያነሰችው ግን በ76 ሴኮንድ ትጨርሰዋለች። አሁን ደግሞ ስርገቱ ከዚያ ዐሥር ሺህ ጊዜ የዘገየበትን ጠጣር ፖሊመር እንውሰድ። የሚሊሜትሯ ፍሬ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ስትፈልግ፥ የአንድ ሚሊሜትር ሁለት ሺሕኛ የሆነችው ቅንጣት ግን ሃያ ሴኮንድ እንኳ አይሞላትም። ፊክ በ1855 የጻፈው የርቀትና የጊዜ ሕግ እነሆ በመርማሪው እጅ መሣሪያ ሆነ፤ ዕድሜ የማይበቃውን ሙከራ ናሙናውን በማሳነስ በአንድ ጧት መፈጸም ተቻለ።

እንዲህ ያሉ ቅንጣቶችም ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። በ1947 በዳው ኬሚካል ኩባንያ የተሠራ አንድ የፖሊስታይሪን ወተት መሰል ድፍርስ፥ በሚቺገን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፥ ከማይክሮሜትር ሩብ ያህል የሆኑት እንክብሎቹ ሁሉ በመጠን እኩል ሆነው ተገኝተው የማይክሮስኮፕ መለኪያ እስከ መሆን ደርሰው ነበር። ትልልቆቹ ፍሬዎችም ቢሆኑ ለንግድ የተለመዱ ነበሩ፤ በጀርመን የባስፍ ኩባንያ ኬሚስት ፍሪትስ ስታስትኒ ፔንቴን የጠጣ ፖሊስታይሪን በሙቀት ሲነፋ እንደ አረፋ ቀልሎ እንደሚያብጥ ካገኘው በኋላ፥ ከ1951 ጀምሮ ስታይሮፖር በተባለው ስም የዕቃ ማሸጊያና የግድግዳ ማልበሻ ሆኖ ወጥቷል። በዚህ ንግድ የፔንቴን ስርገት ማለት ገንዘብ ማለት ነው፤ ፍሬዎቹ በመጋዘን ሲቆዩ ፔንቴናቸው እየሰረገ ይወጣል፥ ከወጣ በኋላም አይነፉም። ትንንሾቹ ፍሬዎች ቀድመው የሚያረጁበትን ምክንያት ከላይ ያለው ሒሳብ ይነግረናል።

በ1977 በሰሜን ካሮላይና ግዛት ዩኒቨርሲቲ ኤንስኮር፥ ሃሮልድ ሆፕፈንበርግና ቪቪያን ስታኔት ሁለቱን ዓይነት ፍሬዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፥ ሄክሴን የተባለው ስድስት ካርቦን ያለው ሃይድሮካርቦን እንዴት እንደሚገባባቸው መዘኑ። ፖሊመሩ አንድ፥ ተኑ አንድ ሲሆን የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነበር፤ ትልልቆቹ በመቶዎች እጥፍ ይበልጡ ነበር። በትልልቆቹ ውስጥ ሄክሴኑ አልፍሬ እንዳለው ግንባር ሠርቶ ገባ። ከማይክሮሜትር ባነሱት ውስጥ ግን ግንባር የሚባል ነገር ጠፋ፤ ክብደታቸው ልክ ፊክ በጻፈው መሥመር አደገ። ምክንያቱም በእንዲህ ያለች ደቃቅ ቅንጣት ውስጥ መንገዱ እጅግ ስለሚያጥር፥ ሰንሰለቶቹ ገና መፍታታት ሳይጀምሩ ተኑ ሥራውን ጨርሶ ይቀመጣል። ተፈጥሮ ባንድነት ያሰራቸው ሁለቱ ሥራዎች በመጠን ተለያዩ።

በዚያው ዓመት ሌላ ሰው፥ ከሌላ መነሻ፥ ወደዚሁ ቦታ ደርሶ ነበር፤ መነሻው ግን ኀዘን ነው። በጥር 1974 በአሜሪካ በሉዊቪል ከተማ ፖሊቪኒል ክሎራይድ በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ያገለገሉ ሠራተኞች በጉበት ላይ በሚወጣ እጅግ ብርቅ በሆነ ካንሰር መሞታቸው ተሰማ፤ ያመጣባቸውም ፖሊመሩ ሳይሆን ፖሊመሩ የሚሠራበት ጋዝ፥ ቪኒል ክሎራይድ፥ መሆኑ ታወቀ። ይህ ጋዝ በካርቦኑና በሃይድሮጅኑ ላይ ክሎሪን የተጨመረበት የሃይድሮካርቦን ዘመድ ነው። መንግሥት በዚያው ዓመት ሠራተኛ ሊተነፍሰው የሚፈቀደውን መጠን ከሚሊዮን 500 እጅ ወደ 1 እጅ አወረደው። ከዚህ በኋላ ጥያቄው የሕይወትና የሞት ሆነ፤ በነጩ ዱቄት ቅንጣት ውስጥ የቀረው ጋዝ በስንት ጊዜ ይወጣል? ካልወጣስ ወደ ማን ቤት፥ ወደ ማን ምግብ ይሄዳል?

አለን ቤረንስ በኦሃዮ ግዛት በቢ.ኤፍ. ጉድሪች ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይህን ጥያቄ በሚዛን ላይ አኖረው። የማክቤይን ሞላ በዚህ ጊዜ በኤሌክትሪክ በምትሠራው የካን ሚዛን ተተክቶ ነበርና፥ ከሚሊግራም ሺሕኛ የሚሆነውን ለውጥ ሳይቀር እየመዘገበ፥ ዱቄቱ ቪኒል ክሎራይድ ሲጠጣና ሲለቅቅ ተከታተለው። በዝቅተኛ ይዘትና ፖሊመሩ በጠጣርነቱ ሳለ ስርገቱ የፊክን ሕግ እንደሚከተል፥ መጠኑ ግን እጅግ ትንሽ እንደ ሆነ፥ ሙቀቱ ፖሊመሩ ወደሚለሰልስበት ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ እጅግ እንደሚፈጥን አሳየ። ከዱቄቱ ጋዙን በእንፋሎት ለማጠብ የሚደረገው ሥራ የተደገፈው በእንዲህ ያሉ ቍጥሮች ላይ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ የስርገት መጠን የሚባለው ረቂቅ ቍጥር የሰውን ሥጋ በቀጥታ የነካው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1978 ቤረንስና ሆፕፈንበርግ አንድ ላይ ሆነው የሁለቱን ሥራዎች መለያ ዘዴ በቀመር ጻፉት። ቅንጣቷ ደቃቅ ከሆነች የሚዛኑ መሥመር ሁለት ምዕራፍ ይኖረዋል፤ በመጀመሪያ ፈጥኖ የሚወጣና የሚረጋ ክፍል አለ፥ ያ ስርገቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለቀናት፥ በቀስታ የሚሳብ ክፍል ይከተላል፥ ያ የሰንሰለቶቹ መፍታታት ነው። መጀመሪያውን በፊክ ቀመር፥ ሁለተኛውን በዝግታ በሚከስም ቀመር ገልጠው ሲደምሯቸው ከሚዛኑ ጋር ገጠመ። በ1982 ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ከትንንሾቹ ጋዞች እስከ ትልልቆቹ የኦርጋኒክ ተኖች ድረስ በሦስት ጠጣር ፖሊመሮች ውስጥ ያላቸውን ስርገት አሰባስበው አቀረቡ። ሞለኪውሉ ጥቂት በወፈረ ቍጥር ስርገቱ እጅግ ይወድቃል፤ ቀጥ ብለው የረዘሙት ግን፥ መጠናቸው እኩል ከሆነው ከድቡልቡሎቹ እስከ ሺህ እጥፍ ድረስ ፈጥነው ይገባሉ። ፕሬገርና ሎንግ ከሠላሳ ዓመት በፊት በለስላሳው ጎማ ውስጥ ያዩት የቅርጽ ልዩነት በጠጣሩ ውስጥ ይህን ያህል ገነነ፤ በደረቀ ግድግዳ መካከል የሚያልፍ ሁሉ እንደ እባብ ቀጥኖ ካልሆነ መንገድ አያገኝምና።

ይህ ሁሉ የተጣራ ቍጥር የተገኘው ግን በብዙ ጥንቃቄ ነው፤ ስለዚህም ጥቂት ማለት ይገባል። ዱቄት በሚዛን ወጭት ላይ ወፍራም ሆኖ ከተከመረ፥ ተኑ በመጀመሪያ በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ክምሩ ሥር መውረድ አለበት፤ መርማሪው የቅንጣቱን ስርገት ለካሁ ሲል የክምሩን ስርገት ለክቶ ይገኛል። ተንም ሲዋሐድ ሙቀት ይሰጣል፤ ሙቀቱ ፈጥኖ ካልሸሸ ናሙናው ከዕቃው ይልቅ ሞቆ ሌላ ቍጥር ይናገራል። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ ዱቄቱን በስሱ ይበትነዋል፤ ክብደቱንም አብዝቶና አሳንሶ ደጋግሞ ይመዝናል፤ ቍጥሩ ከክምሩ ውፍረት ጋር ከተለወጠ ይጥለዋል። ከዚህም በላይ ሚዛን የሚሰጠው ብቻውን የቆመ የስርገት መጠን አይደለም፤ በቅንጣቱ ግማሽ ስፋት ካሬ የተካፈለውን ነው። ስፋቱ በማይክሮስኮፕ ተለክቶ እስኪመጣ ድረስ ሥራው አልተጠናቀቀም፤ በስፋቱ ላይ የተሠራች ስሕተትም በውጤቱ ላይ እጥፍ ሆና ትታያለች።

ይህ የመጨረሻው ነገር በዘመናችን ትልቅ ጥያቄ ሆኗል። ካርል ዚግለር የተባለው ኬሚስት በ1953 ባገኘው ዓይነት ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ አፋጣኝ)፥ ይልቁንም ዩኒየን ካርባይድ የተባለው ኩባንያ ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው በጋዝ ውስጥ በሚፈላ ዱቄት ዘዴ የሚሠራው ፖሊኤቲሊን፥ ከፋብሪካው ምድጃ ሲወጣ ቅንጣቶቹ ቡቴንና ሄክሴን ጠጥተው ነው። እነዚህ ተኖች ሳይወጡ ዱቄቱ ወደ መጋዘን ቢገባ ከአየር ጋር ተቀላቅለው እሳት ይሆናሉ። ስለዚህ ዱቄቱ ረጅም ጎተራ በመሰለ ግንብ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ናይትሮጅን ከታች ወደ ላይ እየተነፋ ተኑን ያጥበዋል። የጎተራው ቁመትና ዱቄቱ በውስጡ የሚቆይበት ሰዓት የሚወሰነው በስርገቱ መጠንና በቅንጣቱ ስፋት ነው። የትኛው ስፋት ግን? በዓይን አንድ ፍሬ የሚመስለው የዚህ ፖሊመር ቅንጣት፥ ሲሰነጠቅና በማይክሮስኮፕ ሲታይ፥ እርስ በርሳቸው ተጠባብቀው በመካከላቸው ክፍተት የተዉ የብዙ ጥቃቅን እንክብሎች ጉባኤ ነው፤ ተኑም ረጅሙን መንገድ በክፍተቱ ፈጥኖ አልፎ፥ የሚዘገየው በጥቃቅኖቹ ሥጋ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። የውጭውን ስፋት ወስዶ የሚያሰላው መሐንዲስ የሚያገኘው ሰዓት ሌላ ነው፥ የውስጡን የሚወስደውም ሌላ። ስለዚህ ዛሬ መርማሪዎች ናሙናውን ያለ ክር በማግኔት በአየር ላይ አንጠልጥለው፥ በፋብሪካው ግፊትና ሙቀት ዱቄቱን ይመዝናሉ፤ ያንኑ ዱቄት ወንፊት በወንፊት ለይተው በየመጠኑ ይመዝናሉ፤ ትልቁና ትንሹ ፍሬ በአንድ ሰዓት ቢለቅቅ ተኑ የሚኖረው በውስጠኞቹ እንክብሎች ነው፤ ትልቁ ከስፋቱ ካሬ ጋር እየተመጣጠነ ቢዘገይ ግን ቅንጣቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሥጋ ነው።